ለልጁ ልንገረው ወይስ ራሱ ይድረስበት?

በክረምት ሥልጠና ላይ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች የቀረበ ንግግር

ውድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዛሬው ርዕስ የሁላችንም የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ክፍል ገብተን ጠመኔ ስናነሳ ሁልጊዜ አንድ ምርጫ ከፊታችን አለ። ትምህርቱን በግልጽ አስረድተን፣ ምሳሌውን ሠርተን እናሳያቸው? ወይስ ጥያቄውን ሰጥተን ራሳቸው መርምረው እንዲደርሱበት እንተዋቸው? የመጀመሪያውን በቀጥታ ማስተማር እንበለው። ሁለተኛውን በግኝት መማር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1961 ልጅ ራሱ ፈልጎ ስለሚያገኘው ዕውቀት ጥቅም ከጻፈ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም።

እኛም አገር ክርክሩ አለ። ግን ብዙውን ጊዜ ስም ላይ ይቀራል። «ተማሪ ተኮር» ከተባለ ጥሩ፣ «መምህር ተኮር» ከተባለ ኋላ ቀር። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ከወጣ ጀምሮ በየሥልጠናው ስንሰማ የኖርነው ይኸንኑ ነው። እኔ የማምንበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለነገሩ ገና እንግዳ የሆነ ልጅ ይነገረው፣ ይታየው፣ እጁን ይዘን እናሻግረው። መሠረቱን የያዘ ልጅ ደግሞ ይፈልግ፣ ይሞክር፣ ይሳሳት። ስለዚህ ዘዴ ከመምረጣችን በፊት ልጁ አሁን የት እንደቆመ ማወቅ አለብን።

ወደ ማስረጃው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ሁለቱም ዘዴዎች እኛ ጋ ሲደርሱ መልካቸው ተበላሽቷል።

በቀጥታ ማስተማር ስል ኖት ማስገልበጥ ማለቴ አይደለም። ታውቁታላችሁ። መምህሩ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ልጆቹ ይገለብጣሉ። «ገባችሁ?» ይላል። «አዎ ቲቸር!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ደወል ይደወላል። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው የሚያውቅ የለም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ የገባው የፕላዝማ ትምህርትም ችግሩ ይኸው ነበር። ማብራሪያው ተዘጋጅቷል፣ ሥዕሉ ያምራል። ግን ልጁ ባይገባውም ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም። «አንተ፣ እስኪ ምን አልኩ?» ብሎ አይጠይቅም። በቀጥታ በሚገባ የሚያስተምር መምህር ግን ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ትምህርቱን በትንንሹ ይቆርሳል። አንዱን ያሳያል፣ ሁሉንም ይጠይቃል፣ ስህተቱን እዚያው ያርማል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

በግኝት መማርም ዴስክ ማዞር አይደለም። አንድ ለአምስት ተቀምጠው ጎበዟ ልጅ ትሠራለች። ሁለቱ ከእሷ ይገለብጣሉ። ሌሎቹ ዝም ብለው ደወሉን ይጠብቃሉ። ቅጹ ላይ ግን «ተማሪዎች በቡድን ተሳትፈዋል» ተብሎ ይሞላል። ከእነዚህ ልጆች መካከል ፈልጎ ያገኘ ማነው? አንዷ ብቻ። እሷም ቀድሞውኑ የምታውቀውን ነው የሠራችው። ይህ የሚያናድደኝ ለደካማው ልጅ ተብሎ የመጣ ዘዴ መልሶ ደካማውን ልጅ ስለሚደብቀው ነው።

አሁን ወደ ጥናቶቹ እንምጣ። ሁሉንም አልዘረዝርም። አንዱን ግን ቀረብ ብለን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዴቪድ ክላርና ሚሌና ኒጋም የተባሉ ተመራማሪዎች በ112 የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ለልጆቹ የተሰጣቸው ኳስ የሚንከባለልበት ተዳፋት ጣውላ ነው። ከፍታውን መለወጥ ይቻላል። ጣውላው ለስላሳ ወይም ሻካራ ሊሆን ይችላል። ኳሱም ይለወጣል፣ የሚለቀቅበት ቦታም እንዲሁ። ሊማሩ የተፈለገው ነገር አንድ ነው፦ ከፍታ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ ከፍታውን ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተው። ትልቅ ሰውም የሚስተው ነገር ነው። ሁለት ማዳበሪያ በሁለት የተለያየ አፈር ላይ ሞክሮ «ይኼኛው ይሻላል» የሚል ስንት አለ።

ከልጆቹ ገሚሱ ዕቃውን ተቀብለው ራሳቸው እንዲሞክሩ ተተዉ። ለተቀሩት መምህር ጥሩ ሙከራና መጥፎ ሙከራ እየሠራ አሳያቸው፤ መጥፎው ለምን መጥፎ እንደሆነም ነገራቸው። ከተነገራቸው 77 በመቶው ነገሩን ጠንቅቀው ያዙት። ራሳቸው እንዲደርሱበት ከተተዉት የቻሉት 23 በመቶው ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «የተነገራቸው ልጆች የሰሙትን ደገሙ እንጂ መች ገባቸው?» ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹም ይህን ጠይቀዋል። ከቀናት በኋላ ለልጆቹ ሌሎች ተማሪዎች የሠሩትን የሳይንስ ሥራ ሰጥተው ጉድለቱን እንዲነቅሱ አደረጓቸው። ነገሩን ጠንቅቀው የያዙት ልጆች፣ ተነግሯቸውም ይሁን ራሳቸው ደርሰውበት፣ ብቃታቸው እኩል ሆነ። ራሱ የደረሰበት ልጅ የተለየ ጥልቀት አላገኘም። ለእኔ ከመቶኛው ይልቅ ይህ ይበልጣል። «ራሱ ያገኘው አይረሳውም» የሚለውን ንግግር ሁላችንም ሳንመረምር ተቀብለነዋልና።

ምክንያቱ አእምሯችን ውስጥ ነው። አዲስ ነገር ስናስብ በአንድ ጊዜ የምንይዘው በጣም ጥቂት ነው፤ ኔልሰን ኮዋን የተባለው ተመራማሪ አራት ነገር ያህል ይላል። የሚያውቅ ሰው ብዙውን ነገር ከትዝታው ስለሚያመጣው አይጨናነቅም። ጀማሪ ግን ሁሉም ነገር አዲሱ ነው። ምን እንደሚፈልግ፣ የቱን እንደሚሞክር፣ ያገኘው ልክ መሆኑን ሁሉ አንድ ላይ ሲያስብ ለመማር የሚተርፍ ጉልበት የለውም። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ብዙ ባከራከረ ጽሑፍ ያለ በቂ ድጋፍ ማስተማር ለጀማሪ አይሠራም ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

አሁን ከውጭ ጥናት ወጥተን አንደኛ ክፍል እንግባ።

የፊደል ገበታችን 33 ረድፍ አለው። በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ ልጅ ፈልጎ ያግኝ ማለት ይቻላል? «ለ» ለምን ለ ተባለ? ሰዎች ስለተስማሙ ነው። ሰው የተስማማበትን ነገር ልጅ ቢመረምር አያገኘውም። የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ መምህሯ ትላለች፣ ልጆቹ ይላሉ። ትጽፋለች፣ ይጽፋሉ። ይህን የምታደርግ መምህርት «ኋላ ቀር» መባል የለባትም።

ግን ካዕብን ተመልከቱ። ሁ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ። ልጁ እነዚህን ከነግዕዛቸው ከተማረ በኋላ መምህሯ ጎን ለጎን ትጽፍና ትጠይቃለች፦ «ምን አያችሁ?» ትንሽ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ ይነሳና «ቲቸር፣ ጎኑ ላይ እጅ አለው!» ይላል። «እሺ፣ ማነው ወጥቶ ተን ቱ የሚያደርግልኝ?» ያልተማሩትን ፊደል ራሳቸው ይሠሩታል። ግኝት ማለት ይህ ነው። ሣልስም እግሩ ሥር ሰረዝ፣ ሓምስም ቀለበት አለው፤ ብዙው በዚሁ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ሩ እና ፉ ይመጣሉ። እጃቸው ያለው ከታች ነው። ልጆቹ ወዲያው «ይኼ ለምን ተለየ?» ይላሉ። ሕጉን ባያውቁት ኖሮ የጣሰውን አያዩትም ነበር።

ሳድስ ላይ ስንደርስስ? ል፣ ም፣ ስ፣ ር፣ ት፣ ን። አንዱ ሌላውን አይመስልም። እዚህ «ምን አያችሁ?» ብሎ መጠየቅ ልጁን ማድከም ነው። ንገሩት፣ አስጠኑት፣ ደግማችሁ ጠይቁት። አያችሁ፣ በአንድ ገበታ ላይ ሁለቱም ዘዴ አለ። ካዕብ ሥርዓት አለውና ይፈለጋል። ሳድስ ሥርዓቱ የላላ ነውና ይነገራል። የትምህርት ዕቅድ ስታወጡ ከዘዴው በፊት ይህን ጠይቁ፦ የማስተምረው ነገር ልጁ አስቦ ሊደርስበት የሚችል ሥርዓት አለው ወይ?

የዚህን ክብደት የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ «ምዕራፉን አንብባችሁ በቡድን ተወያዩ» ሲባል ምን ፈልጎ ያገኛል?

የኔታ ይህን ያውቁ ነበር። ልጁ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ በዜማ ይይዛል። ግን በቅደም ተከተል የሸመደደ ልጅ ፊደሉን ሳያይም ይወርደዋል። ስለዚህ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ረድፉም ድምፁም ተቀላቅሏል። በትዝታ የሚሄደው ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ፊደሉን የለየው ያልፋል። ነግሮ ማስተማርና መፈተሽ ተያይዘው የሚሄዱት እንዲህ ነው። አለንጋውን አልደግፍም። ትርጉሙን ሳያውቅ ዳዊት የደገመ ልጅ ስንት እንደነበረም እናውቃለን። ይቺን የመፈተሻ ዘዴ ግን ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ የለችም።

ይበልጥ የሚደንቀኝ ደግሞ ቅኔ ቤት ነው። ከቅኔ የበለጠ ፈጠራ የሚጠይቅ ትምህርት አላውቅም። የሌላውን ቅኔ ማቅረብ ነውር ነው፤ አዲስ መሆን አለበት። ታዲያ ተማሪው የገባ ዕለት «ሂድና ፍጠር» ይባላል? አይባልም። መጀመሪያ ግሡን ያጠናል፣ ርባውን ማለትም የግሡን እርባታ ይዘልቃል። የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ሰሙና ወርቁ ሲፈታ ያያል። ከዚያ ሁለት ቤት ካላት አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ለብቻው ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም አዲስ ቅኔ በልቡ ያዘጋጃል። ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ወደ ረጅሙ መወድስ ይወጣል። ነጻነቱ የሚሰፋው ዕውቀቱ በሰፋ መጠን ነው። ተማሪ ተኮር የሚለውን ቃል ሳይሰሙ የሠሩት ሥራ ነው።

አሁን አምስተኛ ክፍል ሒሳብ። ክፍልፋይ መደመር። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው? ያለ ምንም ትምህርት ለቡድን ስጡት። አብዛኛው ቡድን 2/5 ይላችኋል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደመሩ። አምስቱም ይስማማሉ። ልብ በሉ፣ ስህተት አምስት ሰው ሲስማማበት ለማስለቀቅ ከባድ ነው።

እኔ እንዲህ ባደርገው እመርጣለሁ። ወረቀት አጥፌ ግማሽ አሳያለሁ፣ ሲሦ አሳያለሁ። ሁለቱን ለመደመር እኩል ቁራጭ እንደሚያስፈልግ እነግራቸዋለሁ። 3/6 ሲደመር 2/6፣ 5/6። ሁለተኛ ምሳሌ ሠርቼ አሳያለሁ። ሦስተኛውን እሠራና የመጨረሻውን እርምጃ ባዶ እተዋለሁ፤ እነሱ ይሞሉታል። አራተኛው ላይ ሁለት እርምጃ እተዋለሁ። አምስተኛው የእነሱ ነው። በየመሃሉ «የጋራ ታህቱ ስንት ነው? በጣታችሁ አሳዩኝ» እላለሁ። ሰባ ልጅ ቢኖርም ሰባውም እጅ በአንድ ጊዜ ይታየኛል። ጣት ለማይበቃው ቁጥር ደብተር ላይ በትልቁ ጽፈው ያነሳሉ። ወጪ የለውም።

ይህ ካለቀ በኋላ ነው ጥያቄውን የማመጣው። «አንድ ልጅ መልሱ 2/5 ነው ብሏል። ሳትሠሩ፣ ስህተት መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ?» አሁን ይወያዩ። ጥቂት ቆይቶ አንዷ «2/5 ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ትላለች። በመጀመሪያው ደቂቃ ይህን ማንም አይላችሁም ነበር።

ይሁን እንጂ «ሁልጊዜ መንገር ይቅደም» ብዬ ብጨርስ ልክ አልሆንም። ማኑ ካፑር የተባለ ተመራማሪ ሲንጋፖር ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ገና ያልተማሩትን ነገር ሰጣቸው። ሦስት የእግር ኳስ አጥቂዎች በየዓመቱ ያገቡት ግብ ተሰጥቷል። ብቃቱ ይበልጥ የማይዋዥቀው የቱ ነው? የሚለካበትን መንገድ ፍጠሩ። ትክክለኛውን ቀመር ማንም አልደረሰበትም። ግን ብዙ ዓይነት ሙከራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ መምህሩ የእነሱን ሙከራዎች እያነሳ፣ የቱ ምን እንደሚጎድለው እያሳየ ትክክለኛውን አስተማረ። እነዚህ ልጆች ትምህርቱ ቀድሞ ከተነገራቸው ሌሎች ልጆች ይልቅ ሐሳቡን በጥልቀት ተረዱት። በስሌቱም አላነሱም።

ይህን ጥናት ይዞ «በሉ ልጆቹን እንተዋቸው» የሚል ሰው ሁለት ነገር ይዘላል። ተማሪዎቹ አማካይ ማውጣት፣ ግራፍ መሥራት ያውቁ ነበር፤ ባዶ እጃቸውን አልገቡም። መምህሩም በመጨረሻ አስተምሯል። መጨረሻ ላይ ደወል ተደውሎ ሁሉም በየስህተቱ ወደ ቤቱ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2011 አልፊየሪና ባልደረቦቹ 164 ጥናቶችን አሰባስበው ያገኙትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ያለ ድጋፍ የተተወ ግኝት ከቀጥታ ማስተማር ያንሳል። በመምህር የተደገፈ ግኝት ግን ከሌሎቹ ይበልጣል። ሌላው ደግሞ፣ ለጀማሪ የሚጠቅመው ዝርዝር ማብራሪያ ለጎበዙ ሸክም እንደሚሆን ስላቫ ካልዩጋና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። እኛም ክፍል አለ እኮ። የገባው ልጅ አምስተኛውን ተመሳሳይ ምሳሌ ሲያይ ያዛጋል። እሱን ከባድ ጥያቄ ስጡት።

ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፣ አሁን ወደ እናንተ ልዙር።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፎሎው ስሩ የሚባል በጣም ትልቅ ሙከራ ተካሂዷል። የድሃ ልጆችን ከአጸደ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል በተለያየ ዘዴ አስተምረው አወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 ውጤቱ ሲወጣ ዚግፍሪድ ኤንገልማን ያዘጋጀው የቀጥታ ማስተማር ዘዴ በንባብና በሒሳብ ቀዳሚ ሆነ። ልጆቹ ስለራሳቸው ባላቸው ግምትም ጥሩ ውጤት አመጣ። ይህ ብዙዎችን አስገርሟል፤ ቀጥታ ማስተማር ልጅን ያጨናግፋል ይባል ነበርና። በማግስቱ ዓመት ግን ኧርነስት ሃውስ፣ ጂን ግላስና ጓደኞቻቸው ግምገማውን አጥብቀው ተቹት። መለኪያው ጠባብ ነው አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያው አንድ ዘዴ በአንዱ ከተማ ሰምሮ በሌላው መውደቁን አሳዩ።

በዘዴው ጥቅም እኔ አምናለሁ። ትችቱንም ግን እቀበላለሁ። ምክንያቱም በየወረዳው የማየው ይህንኑ ነው። ያው መጽሐፍ፣ ያው ሥልጠና፣ ያው የክፍል ብዛት። አንዱ ትምህርት ቤት ልጆቹ ያነባሉ፣ ጎረቤቱ አያነቡም። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ መምህሩ ልጆቹ የት እንደደረሱ በየቀኑ ማወቁና አለማወቁ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። የክፍል ምልከታ ቅጻችሁ ላይ «ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠዋል?» የሚል መስመር ካለ አውጡት። መምህር ያንን ነጥብ ለማግኘት ሲል ብቻ ዴስክ ያዞራል። በምትኩ ሦስት ጥያቄ አስገቡ። መምህሩ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ እንደገባው በምን አወቀ? ያልገባው ሲያገኝ ምን አደረገ? የገባቸው ልጆች ምን ራሳቸው የሚያስቡበት ጥያቄ ተሰጣቸው? ክፍል ስትገቡም ከመምህሩ ጀርባ አትቁሙ። የኋላ ወንበር ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡና ደብተራቸውን እዩ።

ከሰዓት በኋላ በቡድን የምንሠራው የሦስተኛ ክፍል አማርኛና የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ላይ ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ምዕራፍ ይዛችሁ የሚነገረውንና የሚፈለገውን ትለያላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ከኋላ ካላችሁት እንጀምር።